ፈዛዛ ናት ብለን የሸኘናቸው

ካልጋሪ፣ ካናዳ
ጥቅምት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት ለእትዬ የብርጓል፣
አምበር

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ዜማ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ከአባቴ የአጎት ልጆች በሕይወት የቀሩልኝ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ሁልጊዜ አስብዎታለሁ። ባለፈው ድምፄን በስልክ ቀድቼ ብልክልዎ «ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ ብዕር አንሥቶ ይጻፍልኝ እንጂ እንደ ራዲዮ አይለፍልፍብኝ» ማለትዎን ወንድሜ እንዳላማው ነገረኝ። ይኸው ታዝዣለሁ።

የምሥራች ልንገርዎ። ዜማ በትምህርት ቤቷ የላቀ ተሰጥዖ ላላቸው ልጆች በተለየው ክፍል ተመድባለች። ነገሩ እንዲሁ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ሁለት ቀን ሙሉ ፈተናት፤ መምህሯ አስተያየት ጻፈች፤ እኔና እናቷም ልጃችን ከሌሎች በምን እንደምትለይ ሦስት ገጽ ጻፍን። እዚህ አገር ልጅን ማወቅ ራሱን የቻለ ሳይንስ ነው። እኛ በኩርኩምና በ«ዝም በል» ስላደግን ስንቱ ብሩህ አእምሮ ባክኖ እንደቀረ ሳስበው ያመኛል።

ለዚህም ነው በዚህ ከተማ የምንኖር የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ተወላጆች ተሰባስበን «የጮቄ ብሩሃን» የሚል ማኅበር ያቋቋምነው። ከፋሲካ በኋላ ደብረ ማርቆስ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የማበልጸጊያ ትምህርት እንከፍታለን፤ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ንባብና ኮምፒውተር። ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል ጥቂት ልጆች ተመርጠው ይገባሉ። በርትተው የጨረሱትን ማኅበሩ ባሕር ዳር አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብቶ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተምራቸዋል። ከአምበርም የሚመረጥ ይኖራል። ዕድሜዎን ሙሉ ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ የሚጠቁሙን ልጅ ካለ ይጻፉልኝ። የዘመድ ልጅ ነው ተብሎ አድልዎ እንዳይኖር ብቻ አደራ። እዚያ ያለውን አሠራር እናውቀዋለን።

ቸር ወሬ ያሰማን።
ልጅዎ አንሙት


አምበር
ኅዳር 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለአንሙት፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ዜማስ? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ይህን በእጄ ጽፌ የጎረቤቴ ልጅ ወለተ ሐዋርያት በስልኳ አንሥታ ትልክልሃለች። ከዘገየ ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው፤ እኔ ደብዳቤ አሳድሬ አላውቅም።

ዜማ እንኳን ደስ አላት። ስለ አንዲት ሕፃን ሦስት ገጽ መጻፋችሁን ግን ለሰው አልተናገርኩም። ስለ ቅድመ አያትህ አንድ መስመር የጻፈ ሰው የለም፤ እሱ ደግሞ ደብር አሠርቷል። «ልጅን ማወቅ ራሱን የቻለ ሳይንስ ነው» ያልከውንም ደጋግሜ አነበብኩት። ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል የገባውን፣ ያልገባውንና ሳይገባው የገባው የሚያስመስለውን ከዓይናቸው ስለይ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ለእኔ ይህን መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ልጅ ጠቁሚኝ ካልክ እጠቁምሃለሁ። ዘመድም ናት፤ ምን ታመጣለህ? የወንድምህ የእንዳላማው ልጅ ሂዊ ናት። አምስተኛ ክፍል ደርሳለች። ቤታቸው ከከተማው ስለሚርቅ ምሳዋን እኔ ዘንድ ነው የምትበላው። አምና አባቷ ጤፍ ሊሸጥ ሲመጣ አብራው ነበረች። ገዢው መሳፍንት ነው፤ አንተ አገር ሳለህ በርበሬ ይቸረችር የነበረው፤ አሁን ሆዱም መጋዘኑም ሰፍቷል። ጆንያውን ሰቀለና ኪሎውን ጠራ። ሂዊ «አባዬ፣ ለሁለት ከፍለን እናስመዝነው» አለች። ከፈሉት። ሁለቱ ግማሾች ተደምረው ከሙሉው ጆንያ በለጡ። ልጅቷም ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ «ጋሼ፣ ሚዛንዎ ከባድ ነገር ሲሸከም ይደክመዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። መሳፍንት ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔን እንኳ ሰላም አይልም። ማንም አላስተማራትም። እኔም አላስተማርኳትም።

ነገር ግን ልጅቷ ሰልችቷታል። መምህሩ አፉን ሳይከፍት ጨርሳ ስለምትቀመጥ መስኮት መስኮት ታያለች። አባቷም «ስድስተኛን ከጨረሰች ምን አነሳት፤ ቤት ውስጥ ሰው ያስፈልጋል» ማለት ጀምሯል። ወንድምህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከማሳው ድንበር ማዶ አይታየውም እንጂ። የምትለው ትምህርት ቧልት ካልሆነ ሂዊን ያወጣታል። እሷ ካላገኘችው ደግሞ ማንም ባያገኘው ይሻላል።

አድልዎ እንዳይኖር ብለህ አደራ ያልከኝን ይቅር ብዬሃለሁ።

እናትህ የብርጓል


ካልጋሪ
ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለእትዬ የብርጓል፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎን አንድዬ ይማርልዎ። ስለ ሂዊ የጻፉልኝን በደስታ አንብቤ ስሟን አስመዝግቤያለሁ። የወንድሜ ልጅ በመሆኗ ግን በእሷ ጉዳይ ድምፅ እንደማልሰጥ ለኮሚቴው አስታውቄያለሁ። እዚህ እንዲህ ነው የሚሠራው።

አሠራሩን ላስረዳዎት። ልጆቹ በታኅሣሥ ማርቆስ ላይ ይፈተናሉ። ከዚያም ሁለት ባለሙያዎች በየቤቱ እየሄዱ ወላጆችን ይጠይቃሉ። የቤተሰቡ ምላሽ ከፈተናው እኩል ነጥብ አለው። የልጅን ተሰጥዖ ከወላጁ አብልጦ የሚያውቅ እንደሌለ በጥናት ተረጋግጧል። የወላጆቹን ጥያቄ ከእንግሊዝኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ብዙ ደክሜበታለሁ። ምን እንደሚመልሱ እንዳያስጠኗቸው እለምንዎታለሁ። እንደመጣላቸው ከልባቸው ይናገሩ።

የባለ ተሰጥዖ ልጆች ቤተሰቦች የሚመሩበት አጭር መመሪያም አዘጋጅተናል። በወለተ ሐዋርያት ስልክ ልኬዋለሁ፤ አሳትመው ለእንዳላማውና ለባለቤቱ ለጥሩነሽ ያንብቡላቸው። ቤት ውስጥ ያለው ሁኔታ ካልተመቻቸ ትምህርቱ ብቻውን ፋይዳ የለውም።

ጥሩነሽ ግን ስደውል አሁንም ስልኩን አታነሳም። እንዳላማው «ሥራ ይዛለች» ይለኛል። ሁልጊዜ ሥራ እንደያዘች ነው። ሰላም ይበሉልኝ።

አንሙት


አምበር
ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለአንሙት፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰህ። እኛ ታቦቱን በሰላም አስገብተናል። እናንተ ዘንድ ውኃው በረዶ ስለሚሆን ካህናቱ በምን እንደሚባርኩት አንድ ቀን ትነግረኛለህ።

መመሪያህን አሳትሜ ወንድምህ ቤት ሄጄ አነበብኩላቸው። «ለልጁ ጸጥ ያለ የራሱ የማንበቢያ ጥግ ይዘጋጅለት» ከሚለው ስደርስ እንዳላማው ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና «ጸጥ ያለው ጥግ የጥጃዋ ነው፤ እሷን ወዴት እናድርጋት?» አለ። ከልቡ ነው የጠየቀው። «በወር አንድ ጊዜ ሙዚየም ይወሰድ» ይላል። ጥሩነሽ ሙዚየም ምንድን ነው ብትለኝ የድሮ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ነው አልኳት። «እሱማ ውስጡ ነን» አለች። ደግሞ «ቤተሰቡ ተሰብስቦ እንቆቅልሽ ቢጠያየቅ የልጁ አእምሮ ይሰፋል» ትላለህ። እንቆቅልሽን ለጎጃም ሰው ከካልጋሪ ላክህልን! የቀረህ ጤፍ መላክ ነው። መመሪያው ግን ከንቱ ሆነ አልልህም፤ ጀርባው ባዶ ስለነበር ሂዊ ሂሳብ ሠርታበታለች።

ፈተናውን እኔው ራሴ ማርቆስ ወስጄ አስፈተንኳት። ከሁሉ ቀድማ ወጣች። እንዴት ነበር ብላት «የመጨረሻው ጥያቄ ደስ ሲል! እንደገና ሥሪው ቢሉኝ እሠራው ነበር» አለችኝ። በመንገድ ሁሉ ስለዚያ ጥያቄ ስታወራ መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው ወደ እኛ ይዞር ስለነበር ነጠላዬን አልብሼ ዝም አሰኘኋት።

የቤት ጠያቂዎቹ ደግሞ የጥምቀት ሰሞን መጡ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሁለቱም ከኮሌጅ ከወጡ የቆዩ አይመስሉም። እኔም ነበርኩ። ጥሩነሽ በወጉ ተቀበለቻቸው፤ ሂዊ እጃቸውን አስታጠበች፤ በሉ፣ ጠጡ። ከዚያ ጠያቂዋ ልጅ ታብሌቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ምን ብትል ደስ ይልሃል? «ልጅዎ ከእኩዮቿ በምን ትበልጣለች?» ጥሩነሽ ክው አለች። ገና እጁ ሳይደርቅ እንዲህ የሚጠይቅ እንግዳ የት አለ? ጨዋ ሴት ስለሆነች ግን አላስቀየመቻትም። «ኧረ እቴ፣ በምን ትበልጣለች፤ ፈዛዛ ናት» አለቻት። «ያስገረመችዎ ቀን የለም?» «ምን ታስገርማለች፤ ውኃ ቅጂ ሲሏት ጀሪካኑን ረስታ የምትሄድ!» ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «እንደ ማንም ልጅ ናት፤ ይህ ነው የሚባል ነገር አይታይባትም» ብዬ ደገፍኳት። እንዳላማው አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። እንቁላል ቋጥረን መንገድ ድረስ ሸኘናቸው። እኔ ስመለስ ጥሩነሽን «ደህና አድርገሽ መለስሻቸው» አልኳት።

መሳፍንት ቤትም ሄደው ነበር። ያ ዓይነ ደረቅ ልጁን ፊታቸው አቁሞ «ይህ ሊቅ ነው፤ በሁለት ዓመቱ መቶ ድረስ ይቆጥር ነበር፤ አገር ይገዛል» እያለ ሲለፍፍ ዋለ አሉ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ የግራና የቀኝ ጫማውን የሚለየው በዕድል ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! የገዛ ልጅን እንዲህ በሰው ፊት! ጎረቤቱ ሁሉ አፍሮለታል።

እንግዲህ ውጤቱን እንጠብቃለን። ሂዊ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

የብርጓል


ካልጋሪ
መጋቢት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የብርጓል፣

ጤና ይስጥልኝ። መልስ ያዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላላወቅኩ ነው።

ሂዊ አልተመረጠችም። በፈተናው ከሁሉም ልጆች አንደኛ ነበረች። በቤተሰብ ምስክርነት ግን ያገኘችው ባዶ ነው። የራሷ እናት «ፈዛዛ ናት» ብላለች። እርስዎም፣ ስለ ሚዛኑ ያን ሁሉ የጻፉልኝ እርስዎ፣ «ምንም አይታይባትም» ማለትዎ ተመዝግቧል። አንድ የኮሚቴ አባል «ፈተናውና የቤተሰቡ ቃል አይገናኙም፤ ፈተናው ላይ ሰው ረድቷት ይሆናል» አለ። ማን እንደወሰዳት ተጠየቀ። ስምዎ ተነሣ። እኔ የወንድሜ ልጅ ስለሆነች አፌን ዘግቼ መቀመጥ ነበረብኝ።

ያሳፈሩኝ ይህን ያህል ነው። ለእኔ ሌላ ጽፈው ለባለሙያ ሌላ ተናገሩ። የትኛው እውነት እንደሆነ አሁን አላውቅም። እዚህ አገር ወላጅ ስለ ልጁ ሲጠየቅ ያለውን ይናገራል፤ ቀላል ነገር ነው። እኛ ግን ዕድል በሩ ድረስ ሲመጣልን እንኳ መቀበል አንችልበትም። ኋላ የቀረነው በዚህ ነው።

ከአምበር የተመረጠው የነጋዴው የመሳፍንት ልጅ ነው። ቢያንስ አባቱ ልጁን ያውቀዋል።

አንሙት


አምበር
መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

አንሙት፣

ጾም ነው፤ ሰላምታውን ተወውና አንብብ።

አባቱ ልጁን ያውቀዋል አልክ? መሳፍንት የሚያውቀው ገበያ ነው። ልጁንም አቁሞ እንደ በሬ አሻሸጠው፤ እናንተም ጥርሱን ሳታዩ ገዛችሁ።

ለመሆኑ አንተ የት ነው የተወለድከው? ሰው የሚወደውን ልጅ ለማያውቀው እንግዳ አንሥቶ ያወድሳል? ከክፍልህ አንደኛ ወጥተህ የመጣህ ቀን ጎረቤት «ልጅሽ እንዴት ሆነ?» ሲላት እናትህ ምን አለች? «ኧረ ወድቋል፣ ድንጋይ ነው» አላለችም? ከዚያ በሩን ዘግታ እንቁላል ጠብሳ አላበላችህም? እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ሳህንህን ጠርገህ ስትበላ አይቻለሁ። ያን እንቁላል የበላ ሰው ነው ዛሬ «ልጅዎ በምን ትበልጣለች» የሚል ጥያቄ ወደ አማርኛ የሚመልስ። ዓይን የሚፈራ ሰው ልጁን በስድብ ሸፍኖ እንደሚያሳድግ ካልጋሪ ላይ የሚያስታውስ አንድ ሰው ጠፋ? ያ ሁሉ ኮሚቴ የተወለደው ከማን ነው?

እኔም ከእናንተ አልሻልም። ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ፣ ነጥብ የምትሞላ ልጅ ፊቴ ተቀምጣ ልትጠይቀን የመጣች ዘመድ መሰለችኝ። ደብዳቤህ የቤተሰቡ ቃል እኩል ነጥብ አለው ብሎኛል፤ አንብቤዋለሁ። አንብቤም ወጌን አሳመርኩ። የሠራሁትን በኩራት ጽፌ ለአንተ መላኬን ሳስበው ራሴን እንዳንተው እንቀዋለሁ። ሂዊ አለመመረጧን ስነግራት ምሳዋን ትታ ሄደች፤ ከዚያን ቀን ወዲህም እኔ ዘንድ አልመጣችም።

አሁን ደግሞ ወንድምህ ፈርቶ ያልነገረህን ልንገርህ። ጥሩነሽ ስልክህን የማታነሳው ሥራ ይዛ አይደለም። በ2008 ለፋሲካ መጥተህ ሳለ የበኩር ልጃቸውን የኔአለምን ትከሻህ ላይ አውጥተህ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት «እንዲህ ያለ ጎበዝ ልጅ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ይህ ልጅ ጉድ ነው!» አልክ። እናቱ «እባክህ እንትፍ በልበት» ብላ ለመነችህ። ሳቅህባት። «ይህ ኋላ ቀርነት ነው» አልካት፤ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንተ በሄድክ ወሩ ሳያልቅ ልጁ በትኩሳት ሞተ። ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው አለ፤ እኔም የማምነው ሐኪሙን ነው። እሷ ግን የምታምነው ያየችውን ነው። ከዚያ ወዲህ የልጁን ስም በአፏ ጠርታው አታውቅም። ስለ ሂዊም ማንም በጎ ቃል እንዲናገር አትፈቅድም፤ ራሷም አትናገርም። «ፈዛዛ ናት» ማለቷ ያቺን አንዲት የቀረቻትን ማቀፏ ነው።

ልጅቷ ካጭበረበረች ክፍል ቆልፋችሁ ብቻዋን እንደገና ፈትኗት። እኔን ደግሞ ከአምበር እንዳልወጣ እሰሩኝ። ውሳኔውን ግን አስለውጥ።

የብርጓል


ካልጋሪ
መጋቢት 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእትዬ የብርጓል፣

እንዴት ሰነበቱ ብዬ ለመጀመር አፈርኩ። የጻፍኩብዎን ሁሉ ይቅር ይበሉኝ።

የኔአለም ማረፉን እንዳላማው በስልክ ነግሮኝ ያን ጊዜ አልቅሻለሁ። በእኔ የተነሣ መባሉን ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ያልኩትን ቃል አስታውሳለሁ። ትከሻዬ ላይ ሆኖ ጆሮዬን ይዞ እንደነበርም አስታውሳለሁ። ከዚህ በላይ ስለዚህ መጻፍ አልቻልኩም።

ኮሚቴውን ሰብስቤ ስለ እንቁላሉ ነገርኳቸው። አንዱ ሳቀ። አንዲቷ ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች፤ የሷም እናት እንዲሁ ነበረች። ሂዊ ፈተናውን እንድትደግም ተስማምተዋል። የቤተሰቡ ቃል ግን አይቀርም አሉ። ደንቡን ጽፈን ካሳወቅን በኋላ ለእኔ ዘመድ ብለን ብንተወው ሌላው ምን ይላል? አባትየው ይናገር ብል፣ ቀድማ ቃሏን የሰጠችው እናት ስለሆነች ማስተካከል ያለባትም እሷ ናት አሉ። ማርቆስ ቀርባ ልጇ በምን እንደምትለይ በራሷ አንደበት መናገር አለባት። ቀኑ የዳግም ትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ነው። ካልተናገረች ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል።

ይህን ከእሷ መጠየቅ ምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። እኔ ልጠይቃት አልችልም። እርስዎ ይጠይቁልኝ።

ልጅዎ አንሙት


አምበር
ሚያዝያ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለአንሙት፣

እንኳን ከሞት ወደ ሕይወት ላሸጋገረን ጌታ በዓል አደረሰህ። ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ኮሚቴህን ግን አልተቀበልኩትም፤ ደንብ ጻፍን ብሎ ደንቡ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረ ሰው ስብስብ ነው።

ያልከኝን ለጥሩነሽ ነገርኳት። እየጠራረገች ነበር፤ መጥረጊያዋን አላቆመችም። «አላደርገውም» አለች። «ልጅቷ አባቷ ቤት ትቀራለች እኮ» ብላት «ትቅር፤ ቆማ ትቅር» አለች። ሕማማቱን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ጎን ለጎን እየቆምን አላናገረችኝም። እንዳላማው ሊለምናት ሞክሮ ነበር አሉ፤ ምን ብላ እንደመለሰችለት አልነገረኝም፤ ማሳው ሄዶ ዋለ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ግን እኔ ቤት መጣች። አልተቀመጠችም። «መኪናው ነገ በስንት ሰዓት ነው?» ብላ ጠይቃኝ ሄደች።

ማርቆስ ስንደርስ ሂዊን ብቻዋን ክፍል አስገብተው በሩን ዘግተው ፈተኗት። እኔን ግቢው ጥግ ያለ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝና ዘበኛው ይጠብቀኝ ጀመር፤ እንደፈለግኩት አሰሩኝ ማለት ነው። ፈተናውን እንደ መጀመሪያው ሠርታዋለች። ከዚያ ጥሩነሽን ጠሩ፤ እኔም ዘበኛውን ትቼው አብሬያት ገባሁ፤ ማንም ሊከለክለኝ አልደፈረም። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ያቺው የጥምቀቷ ልጅ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። ጥሩነሽም አፏን ከፍታ «ፈዛዛ ናት» አለች።

ከልምድ ነው፤ አመለጣት። ሦስቱ ተያዩ። ሽማግሌው «እናመሰግናለን፤ ሌላ የሚጨምሩት ከሌለ» ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ያን ጊዜ ጥሩነሽ «ቆይ» አለች። ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች። ሂዊን ከውጭ ጠርታ እግሯ ሥር አስቀመጠቻትና ነጠላዋን አውልቃ ከራሷ እስከ እግሯ ሸፈነቻት። እጇን ከላይ አሳረፈችባትና የሰዎቹን ፊት ሳታይ ግድግዳውን እያየች መናገር ጀመረች።

«እየዳኸች ሳለች ጥላዋን ልትይዝ ትሞክር ነበር፤ እንደማይያዝ ሲገባት በእጇ እየቀረጸች ሌላ ጥላ መሥራት ጀመረች። ላም ስትታለብ አይታ የታመመችውን ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። ልጄን የቀበርኩ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እህል አለመቅመሴን ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ ገና ሕፃን ናት እኮ፤ ከለቀስተኛው መሀል ዳቦ ይዛ መጥታ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። የሚዛኑን አገር ያውቀዋል። እኔ ያሳየኋት ነገር የለም። ሁሉን ራሷ ነው ያየችው። ጎበዝ ናት። ልጄ ጎበዝ ናት። ከእኔም፣ ከአባቷም፣ ከእናንተም ትበልጣለች።»

ያቺ ጠያቂ «እንዴት ያለች ድንቅ ልጅ!» ብላ እጇን አጨበጨበች። ጥሩነሽ ዞር ብላ «አንቺ ጻፊ እንጂ አታድንቂ! እንትፍ በይ!» ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ ደንግጣ እንትፍ አለች። ጥሩነሽ ሌሎቹንም ቆማ ጠበቀቻቸው፤ እነሱም እንትፍ እንትፍ አሉ። ዲግሪ ያላቸው ሦስት ሰዎች ታብሌታቸው ላይ እንትፍ ሲሉ አይቻለሁና ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ።

ነጠላውን ስታነሣላት የሂዊ ፊት በእንባ ርሶ ነበር። እናቷ እንዲህ ያለ ቃል ስትናገርላት ሰምታ አታውቅም። እኔም አለቀስኩ። ንቀቴ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም፤ ወደ ቤት ስመለስ ግን አግኝቼዋለሁ፤ መሳፍንት መንገድ ላይ ጠብቆኝ «ልጆቻችን አብረው ተመረጡ እኮ» ብሎ ሊጨብጠኝ እጁን ዘርግቶ ነበር።

ሂዊ ገብታለች፤ እዚያው ሳለን ነው የነገሩን። የመጪው ቅዳሜ ትጀምራለች፤ እንዳላማው ራሱ ይወስዳታል። እናንተም ያን ጥያቄ ከፎርማችሁ አውጡት። ወላጅን «ልጅህ ምን ያጠፋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ችሎታውን ሁሉ በስድብ መልክ ይዘረዝርላችኋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። በመኪና ስንመለስ ጥሩነሽ ለሂዊ «ወንድምሽም እንዲህ ነበር» አለቻት። «ማን?» አለች ልጅቷ። «የኔአለም» አለች። ስሙን ስትጠራ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ በኋላ አላቆመችም፤ በምን ይስቅ እንደነበር፣ ከበግ ጠቦት ጋር እንዴት ይሟገት እንደነበር፣ እስከ አምበር ድረስ ነገረቻት። እኔ መስኮት መስኮቱን እያየሁ ሰማሁ።

ከመኪናው ስንወርድ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ለአንሙት ስትጽፊለት፣ ስለ ልጄ ያን ቀን የተናገረው ሐሰት አልነበረም በይው» አለችኝ።

እናትህ የብርጓል